ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም



ባለፈው አርብ ማዳም ለዓሣ የሚሆን ታራቶር እንድሠራ ነገረችኝና የጣሂናውን ክዳን ስከፍት ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳማስለው አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ጣሂና የሚባል ነገር ቀምሶ አያውቅም። ግን እኛን ያሳደገን በሰሊጥ ነው። ከደባርቅ አካባቢ በየዓመቱ በመስከረም ይነሳና ሁመራ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። ልጅ ሆኜ «ለምንድን ነው መስቀልን ከእኛ ጋር የማትውለው?» ስለው መልሱ አንድ ነበር፦ «ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም።»

ያኔ አባባል ይመስለኝ ነበር። ለካስ እውነቱን ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ በስልኬ ስለ ሰሊጥ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያገኘሁትንም ለእናንተ ላካፍል ብዬ ነው።

ሰሊጥ ፍሬውን የሚይዘው ትንሽ ከረጢት በሚመስል ሽፋን ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ ግንዱን ይዘው ከታች እስከ ላይ ይደረደራሉ። ችግሩ አንድ ላይ አይበስሉም። የታችኛው ሲደርቅ ጫፉ ገና አበባ ይዞ ይገኛል። የደረቀው ከረጢት ከአናቱ ተሰንጥቆ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ነፋስ ቢነካው፣ ሰው ቢያልፍበት ጠብ ጠብ ነው። የሰሊጥ ፍሬ አንድ ሺው ተቆጥሮ ቢመዘን 3 ግራም አካባቢ ቢሆን ነው። ስንጥቅጥቅ ባለ ዋልካ መሬት ላይ የወደቀውን ማን ይለቅመዋል?

ስለዚህ ቀን ይመረጣል። ቶሎ ቢታጨድ የላይኛው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል፣ ዘይቱም ያንሳል። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ደግሞ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይዘረገፋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ከረጢት ሊከፈት ሲል ማጭድ ይገባል። የታጨደው ታስሮ ነዶው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ እርስ በርሱ ተደግፎ ይቆማል፣ እሱን ሂላ ይሉታል። አንድ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ከቆየ በኋላ ከረጢቱ ሁሉ ተከፍቶ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይጠብቃል። ያኔ ሸራ ተነጥፎ ነዶው ይገለበጥና ይራገፋል። አባቴ ነዶ ወደ ሸራው ሲወስዱ እንደተኛ ሕፃን ነው የምንይዘው ይል ነበር። ሕፃን ያሳደጋችሁ፣ ወይም የሰው ሕፃን የምታሳድጉ፣ አያያዙን ታውቁታላችሁ።

ይህ የመርገፍ ጣጣ የቆየ ነው። ሰሊጥ መጀመሪያ ሰው እጅ የገባው በህንድ ምድር ነው ይላሉ፣ ሐራፓ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ከ4,000 ዓመት በላይ የሆነው የከሰለ ሰሊጥ ተገኝቷል። ከዚያ ዛሬ ኢራቅ ወደምንለው አገር መጣ። የባቢሎን ሰዎች በሸክላ ላይ ሲጽፉ ስሙን «የዘይት ተክል» እንደማለት ይጠሩት ነበር፣ አረቦቹ ሲምሲም የሚሉት (እዚህ ቤሩት ሱምሱም ነው) ከዚያው ስም የወረደ ነው። ለልጆች የምታነቡት የአሊባባ ተረት ላይ ሀብት የሞላበት ዋሻ የሚከፈተው በማን ስም ነው? በሰሊጥ! አንዳንዶች ምክንያቱ የከረጢቱ አከፋፈት ነው ይላሉ። እርግጥ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ግን ሰሊጥ ሲከፈት አይቶ ለሚያውቅ ሰው ያስኬዳል።

ወደ አሜሪካ የወሰዱት ደግሞ በባርነት የተጫኑ አፍሪካውያን ናቸው። በአገራቸው ቋንቋ ቤኔ እያሉ በጓሯቸው ይዘሩት ነበር። ፕሬዝዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ሳይቀር በ1800ዎቹ መጀመሪያ ስለ ዘይቱ ሰምቶ እርሻው ላይ ሞክሮታል። ነገር ግን እዚያ አገር አልተስፋፋም። ስንዴ በማሽን እየታጨደ ሰሊጥ በእጅ ካልሆነ አይሆንም አለ። ማሽኑ ገና ሲነካው ፍሬው መሬት ነው።

መላ የሚመስል ነገር የተገኘው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ዴራልድ ላንግሃም የሚባል አሜሪካዊ የዘር ተመራማሪ ቬንዙዌላ ውስጥ ሲሠራ ደርቃም ከረጢቷን የማትከፍት አንዲት ሰሊጥ አገኘ። አንዲት ብቻ! ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር፣ ግን አላለቀም። አሁን ደግሞ ከረጢቱ በጣም አጥብቆ ያዘና ፍሬው አልወጣም አለ። በማሽን ሲጨፈልቁት ፍሬው ይሰባበራል፣ የተሰባበረ ሰሊጥ ደግሞ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ምርቱም አነሰ። ሰው መቼም አይረካ፣ ሲከፈት ተከፈተ፣ ሲዘጋ ተዘጋ እያለ ያማርራል ብዬ ሳቅኩ።

በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ከረጢቱ እንዲደርቅ ትንሽ ይከፈት፣ ፍሬው ግን ውስጡ ተጣብቆ ይቆይና ማሽን ሲመታው ብቻ ይልቀቅ አሉ። እንዲህ ያለ ዘር እየመረጡ እያዳቀሉ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጀ። ልጁ ሬይ ላንግሃምም የአባቱን ሥራ ቀጠለ። በ1978 እ.ኤ.አ. ሴሳኮ የሚባል ኩባንያ እዚያው አሜሪካ ተቋቋመ፣ ዛሬ ቴክሳስና ኦክላሆማ ውስጥ ሰሊጥ እርሻው ላይ እንደቆመ ደርቆ በኮምባይነር ይታጨዳል። ነዶ የሚያስር፣ ሂላ የሚያቆም ሰው የለም።

በነገራችን ላይ በየኩሽናችን ያለው የካኖላ ዘይት ተክልም ይኸው ጠባይ አለው፣ ሲደርቅ ፍሬውን ይበትናል። የእኛው ጎመን ዘር፣ ምጣድ የምናሰስበት ማለቴ ነው፣ ፍሬውን አጥብቆ በመያዝ ይታወቃል። ተመራማሪዎች ያንን ጠባዩን ወደ ካኖላ ለማዛወር ሲያዳቅሉ ኖረዋል። እናቴ ብትሰማ ትኮራለች።

ወደ ሁመራ ልመለስ። እዚያ ትልልቅ እርሻ የተስፋፋው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ ባለሀብቶች ትራክተር ይዘው ገቡ። ትራክተሩ አረሰ፣ ለማጨዱ ግን የሰው እጅ ተፈለገ። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሱዳንም ጭምር ሰው እየጎረፈ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የባለሀብቶቹ እርሻ ተወረሰ፣ ብዙዎቹም ሸሹ። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ እርሻው እንደገና ተስፋፋ። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ሲያስገባ የኖረው በእነዚህ ወራጅ ሠራተኞች እጅ ነው። በወቅቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው ወደ ሁመራና መተማ የሚወርደው። እዚያው ቆላውን ለምደው የቀሩትን ሳሉግ ይሏቸዋል።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ከረጢቱ መከፈቱ ለባለእርሻው ኪሳራ ነው። ለአጫጁ ግን አቅሙ ነው። እርሻው ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ ያን ሰሞን ሠራተኛ ይጠፋል፣ ዋጋ ይወጣል። አባቴ «ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ሲል ባለሀብቱም ኪሱን ይከፍታል» ይል ነበር። በሌላው ወር ቀና ብሎ የማያየው ሰው ያን ሰሞን «ወንድሜ፣ ግባ» ይለዋል። እዚህ እኛ ስንት ዓመት ሠርተን ደመወዝ ይጨመርልን ለማለት እንፈራለን፣ እነሱ ግን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው «በዚህ ዋጋ አንገባም» ማለት ይችላሉ። ሁለት ሳምንት ብትሆን ነው። ያቺ ሁለት ሳምንት ግን የእኔ ደብተርና የታናሼ ጫማ ነበረች።

ዋጋም ያስከፍላል። ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁና በግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ሜዳ ላይ የሚተኛውን ደገኛ ስትነክሰው ካላዛር ታሲዘዋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ካልታከሙት ይገድላል። አጎቴ ይዞት በመርፌ ከርሞ ነው የተረፈው። በ2013 ደግሞ የመከሩ ወቅት ሳያልቅ ጦርነት ደረሰ። ማይካድራ ላይ ከተገደሉት ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። አባቴ ያን ዓመት እግሩን ታሞ ቤት ቀርቶ ነበር፣ እናቴ እስከ ዛሬ ያንን እግር ትስመዋለች።

ታዲያ የማይረግፈው ሰሊጥ ወደ እኛ ቢመጣስ? ሁለት ሄክታር ያለው ሠራተኛ መቅጠር የማይችል ገበሬ እጁ ሳይደርስ የሚረግፍበት ይቀርለታል፣ እሰየው ነው። ካላዛርም ብዙ ሰው አያገኝም። ግን ኮምባይነር ያለው ባለሀብት ያን ጊዜ አባቴን ምን ያደርገዋል? «ግባ» የሚለውስ ማን ይሆናል? ይህንን ለአባቴ በስልክ ሳጫውተው ዝም ብሎ ቆየና «መጀመሪያ ማሽኑ ዋልካ ውስጥ ይግባና እናያለን» አለኝ።

ዘንድሮ የሚወርደው እሱ አይደለም፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቁጭ ብሏል። አትሂድ ብዬው ነበር፣ «አንቺስ ሄደሽ የለ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በዚህ ወር ከምልከው ላይ ለአጎበር የሚሆን ለብቻ ለይቼ ልኬያለሁ፣ ገዝቶ ፎቶውን እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።