የስኳር ውሃና የሌሊት ምግብ፦ በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ሕክምና ታሪክ

ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ዝናብ፣ ደን፣ ማር፣ ቡናና እንሰት ሞልቷል። ይሁንና የለምለም አገር ልጅ ሁሉ ጠግቦ ያድራል ማለት አይደለም። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ስለሆነ ወተት፣ ጥራጥሬ ወይም እንቁላል ካልታከለበት ጡት ለጣለ ሕፃን አይበቃም።

ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም ሰውነታቸው ያበጠ ሕፃናትን ሕመም በዛሬዋ ጋና አይተው በ1933 እ.ኤ.አ. ገለጹ፤ በ1935 ደግሞ «ኩዋሺኦርኮር» በሚል የአካባቢው ስም አስተዋወቁት። ሕመሙ ቢታወቅም ሞቱ አልቀነሰም። ስኮፊልድና አሽዎርዝ በ1996 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ በየሆስፒታሉ ከታከሙት ሕፃናት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞቱ እንደነበር አመለከተ። ዋናው ምክንያት የተሳሳተ የሕክምና አሰጣጥ ነበር።

ስህተቱ ከምን መነጨ? በእጅጉ የተጎዳ ሕፃን የስኳር ክምችቱ ጥቂት ስለሆነ ለሰዓታት ሳይመገብ ከቆየ የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ ምልክቱም አንዳንዴ መፍዘዝና የሰውነት መቀዝቀዝ ብቻ ነው። ፖታሲየሙ ተሟጧል፤ ሶዲየም ግን በደም ምርመራ ዝቅ ብሎ ቢታይም በሰውነቱ ውስጥ ተከማችቷል። በመሆኑም እብጠቱን ለማጉደል የሚሰጥ የሽንት ማስወጫ መድኃኒት ፖታሲየሙን ይብስ ያሟጥጣል፤ በደም ሥር በችኮላ የሚሰጥ ፈሳሽም ልብን ከአቅሙ በላይ ይጫናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ከአሥሩ እርምጃዎች ቀዳሚ ያደረገው የደም ስኳር ማነስን ማከምና መከላከል ነው። በወቅቱ መደበኛው ኦ.አር.ኤስ. በሊትር 90 ሚሊሞል ሶዲየም ሲይዝ፣ ለእነዚህ ሕፃናት የተዘጋጀው ሬሶማል 45 ሚሊሞል ሶዲየምና 40 ሚሊሞል ፖታሲየም ይዞ ቀረበ።

በአገራችንም በ2000 እ.ኤ.አ. በሐድያ ዞን 170 ሕፃናት በተመላላሽነት ታክመው 85 በመቶው አገግመዋል፤ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። በ2007 ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ወጣ፤ ቀስ በቀስም አገልግሎቱ ወደ ጤና ኬላዎች ወረደ።

ከዚህ ታሪክ ለጌጫና ለመሰሎቿ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች የሆነ፣ ወይም መለኪያ ባይኖርም የሚያጠራጥር፣ ነቅቶ የሚውጥ ሕፃን 50 ሚሊሊትር 10 በመቶ የስኳር ውሃ ወዲያው ይሰጠዋል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ውሃ ነው። ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይመገባል። ተረኛው ባለሙያ እኩለ ሌሊት ላይ እናትየውን ቀስቅሶ የሚያስመግባት ያ አንድ ኩባያ፣ ብዙ ሕፃናት ሳይነጋ ያለፉበትን ሰዓት ያሻግራል።