በእጅ የሚያዝ የቢራ መቅጃ የጋዝ መሣሪያ
ካርቦን ዳይኦክሳይድ፤ ባለ 16 ግራም የብረት ካርትሪጅ፤ አሜሪካ

በአሜሪካ ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ሕግ ነው። የቤት ጠማቂዎች ቀድሞ የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ይያዝበት የነበረውን 19 ሊትር ገደማ የሚይዝ የኮርኔሊየስ በርሜል ወደዱት። ቢራውን ገፍቶ የሚያወጣው የጋዝ ሲሊንደር ግን ከባድ ነው፤ ለሽርሽር ማን ይሸከመዋል?

ይህች መሣሪያ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ካርትሪጁ ተሽከርክሮ ሲጠብቅ ውስጥ ያለችው መርፌ አፉን ትበሳዋለች። ቃታው ሲሳብ ጋዙ እያፏጨ ወደ በርሜሉ ይገባል፤ የካርትሪጁም ገላ ቀዝቅዞ አመዳይ ይለብሳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጡ የታመቀው ግፊት 57 ባር ያህል ሲሆን፣ ቢራ ለመቅዳት ግን ከ1 ባር ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ቃታውን ነካ እያደረጉ መልቀቅ ነው፤ አለዚያ ብርጭቆው አረፋ ብቻ ይሆናል።

አንድ በርሜል ለመጨረስ አራት ያህል ካርትሪጅ ያስፈልጋል። ለአየር ጠመንጃ የሚሸጠው ዘይት ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ የተዘጋጀውን መምረጥ ግድ ነው።

በእጅ የሚገፋ የአየር ፓምፕ ጋዝ መግዛትን ያስቀራል፤ ነገር ግን ከአየሩ ጋር ኦክስጅን ስለሚያስገባ የተረፈው ቢራ ጣዕም ቶሎ ይበላሻል።