የኮንሶ እርከንና መንደር በእግር ሲጐበኝ

የአገሩን ታሪክ ለማወቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩን በብራና ሳይሆን በድንጋይና በእንጨት ያኖረ ሕዝብ ያጋጠመው እንደ ሆነ፥ መጽሐፉን አጥፎ በእግሩ መሄድ፥ የቦታውንም ተወላጅ መሪ አድርጎ መከተል ግድ ይሆንበታል። ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ በተራሮች ላይ የሚኖረው የኮንሶ ሕዝብ ታሪክ እንደዚህ ያለ ነው።

ከካራት ከተማ ተነሥቶ ወደ ተራራው መንደሮች የሚወጣ ጐብኚ በመጀመሪያ የሚያየው እርከኑን ነው። ምድሩ ቁልቁለት፥ ዝናሙም የማይታመን ስለ ሆነ፥ የቀድሞ ሰዎች አፈሩ እንዳይታጠብ፥ ውሃውም እንዳያመልጥ ብለው ተራራውን ያለ ጭቃ በደረቅ ድንጋይ ካቡት። ካቡ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በእርከኑ ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በማሳው መካከልም ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው የሽፈራው ዛፍ ይበቅላል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ የተራራው ተፈጥሮ ይመስለዋል፤ መሪው ግን የፈረሰውንና የተጠገነውን ካብ ለይቶ ሲያሳየው የሰው ድካም መሆኑን ይረዳል።

መንደሮቹም እንደ እርከኑ በድንጋይ የታጠሩ ናቸው። በኮረብታ ራስ ላይ ተሠርተው ከ1 እስከ 6 የሚደርስ የካብ ቅጥር ይከባቸዋል። በውስጣቸው ሞራ የሚባል የሸንጎ አደባባይ አለ፤ በዚያም ሽማግሌዎች ይመክራሉ፥ ጠብ ያበርዳሉ። በሞራው አጠገብ ባለው ቤት ያላገቡ ወጣቶች ያድሩ ዘንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም እሳት ወይም ጠላት ቢነሣ ፈጥነው እንዲደርሱ ነው። በአደባባዩም የትውልድ ግንዶች ተተክለው ይታያሉ። በካራት አካባቢ በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ አንድ ግንድ ይጨመራል፤ እንግዲህ 10 ግንድ የቆጠረ ሰው የ180 ዓመት ዘመን ቆጠረ ማለት ነው። የኮንሶ መልክዐ ምድር ከ400 ዓመት በላይ፥ 21 ትውልድ የተሻገረ ሕያው ባህል ያለው በመሆኑ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ነገር ግን መመዝገብ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። ለጀግኖች መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀረጹት ዋካ የተባሉት ሐውልቶች ከመቃብር ላይ እየተሰረቁ ተሸጠዋል፤ ከተያዙትም በካራት ቤተ መዘክር የተቀመጡ አሉ። ዋካ ከስፍራው ሲነሣ የማን መታሰቢያ እንደ ነበረ የሚናገር ይጠፋል፤ የሚቀረው ስም የሌለው እንጨት ነው። ጐብኚ የሚገዛው ባይኖር ኖሮ ሌባ ባልደፈረው ነበር።

ስለዚህ የእግር ጉብኝት ሊያቀናም ሊያበላሽም ይችላል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ብቻ የሚመለስ እንግዳ፥ ካብ ለሚጠግነው ገበሬም ምንም የማይደርሰው ክፍያ፥ መንደሩን ወደ ትርዒት ይለውጡታል። መሪው ግን ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጦ የተማረውን የሚናገር፥ ጐብኚውም ሰላምታ ሰጥቶ፥ ፈቃድ ጠይቆ የሚሰማ ከሆነ፥ ያ አንድ ቀን ጉዞ ለሁለቱም ትምህርት ቤት ነው። ወጣቱ የአያቱ ዕውቀት እንጀራ እንደሚሆነው ሲያይ ለመጠየቅ ይተጋል፤ ያልጠየቀው ነገር ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቢወጡ፥ ሹማምንትም ከክፍያው ለካብ መጠገኛ የሚሆን ድርሻ እንዲኖር ቢያስቡበት፥ ለኮንሶ ብቻ ሳይሆን ለአገር ታሪክ ይጠቅማል። ካብ በአንድ ክረምት ይፈርሳልና፥ ጠጋኙን ማክበር ቅርሱን ማክበር ነው።