ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ላንድክሩዘርስ?

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያገለገለ ላንድክሩዘር ሊገዛ ነው፤ የገጠር መንገድ ላይ ሊሠሩበት። «ቲቸር፣ ላንድክሩዘር እኮ አይሞትም፤ ምን ያስፈራል?» አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የማስተምረው። ግን «አይሞትም» የሚለው ዝና ራሱ ታሪክ አለው። ዝናው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ የሦስት ሰው ጥሪት መክፈል ደግሞ ከባድ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። መኪናዋ ዎልስሊ ነበረች። መንገድ በሌለበት በረሃ አቋርጣ ስትመጣ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሰውየው መካኒክ አስከትሎ ነበር። እንግዲህ በአገራችን ገና ከመነሻው መኪና ማለት ብረቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱን የሚያውቅ ሰውም ጭምር ነው።

የጋራዥ እውቀትን ያስፋፋው ደግሞ ክፉ ዘመን ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ ሲቆይ መንገድ ሠራ፣ የጭነት መኪኖቹን አስገባ። ተባሮ ሲወጣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ዛሬም ልደታ ውስጥ ያገኛችሁት ጋራዥ ግቡ፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ነው የምትሰሙት። ሁሉም የጣሊያንኛ ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ የምንላት ፊያት 634 ጣሊያን ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት ጭነት ስትጎትት የኖረችው ብረቷ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። የሚጠግናት ሰው ስለነበረ ነው።

ላንድክሩዘር የደረሰው እንዲህ ዓይነት አገር ላይ ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን፣ ቢጄ የተባለውን ሞዴል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም የሰጠው በ1954። እዚህ አዲስ አበባ ሞኤንኮ በ1959 ተቋቋመ፤ በኋላም የቶዮታ ወኪል ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜና ከዚያ ወዲህ የእርዳታ ድርጅቶች ወደየገጠሩ ሲሰማሩ ላንድክሩዘር ከዋና መኪኖቻቸው አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70 ሞዴል ከ1990 ጀምሮ 1ኤችዜድ የሚባለውን ሞተር ያዘ። 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ናፍጣ። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ በመፍቻ የሚፈታው ሞተር ነው።

ስለዚህ «አይሞትም» የሚለው ዝና በሦስት ነገር ላይ ቆሟል። አንደኛ፣ ሞተሩ ቀላል ነበር። ሁለተኛ፣ ዕቃው ሱማሌ ተራ ወርዶ ይገኛል፣ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ ዘይት በጊዜው የሚቀይር፣ የሰርቪስ ካርድ የሚሞላ ድርጅት እጅ ነበሩ። እናንተ ግን የምትገዙት ሦስቱንም አይደለም። አንድ መኪና ነው የምትገዙት። ሦስቱ መኖራቸውን ማጣራት የእናንተ ፋንታ ነው።

ቪኤይትን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ባለ 200 ሞዴል ነው። ናፍጣው 4.5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ ሥርዓት ያለው። ጎበዝ መኪና ነው፤ ግን ከ1ኤችዜድ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። ቆሻሻ ናፍጣ ኖዝሎቹን ይጎዳል፣ ዕቃው ውድ ነው፣ ምርመራውም ማሽን ይፈልጋል። በዚያ ላይ እኛ አገር ቪኤይት ማለት የባለሥልጣን መኪና ማለት ሆኗል፤ ዋጋው ውስጥ ክብርም አብሮ ይሸጣል። ስም ይወረሳል፣ የሞተር ጠባይ ግን አይወረስም።

ይሄ ነገር ዛሬ ከድሮው የበለጠ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንደማይገባ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ አስታወቁ። ስለዚህ ገበያው ላይ የሚዞረው በአብዛኛው ቀድሞ የገባው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቀለም ወደ ቀለም።

ታዲያ እንዴት እንመርምር? ክፍል ውስጥ ምንጭ እንደምንመረምረው ነው፤ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ።

መጀመሪያ ሰነዱ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ ነው? ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ አይመስልም? ዕዳና እግድ እንደሌለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የሰርቪስ መዝገብ ካለ ከደላላ ምላስ ይበልጣል።

ቀጥሎ ምስክሩ። ኪሎሜትር ቆጣሪ ቃሉን ሊቀይር የሚችል ምስክር ነው፤ ዲጂታሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮችን ጥሩ፦ የፔዳሉ ጎማ፣ መሪው፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ። 90,000 ኪሎሜትር የሚል መኪና ፔዳሉ ተበልቶ ብረቱ ከወጣ አንዱ እየዋሸ ነው። ፔዳሉ አፍ የለውም፣ አይዋሽም። ደላላውም ምስክር ነው፤ ግን የሚከፈለው ሽያጩ ሲሳካ ብቻ ነው። እሱ የጠራውን መካኒክ ትታችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ኑሮው። የት ነበር የሚሠራው? ፓራፋንጎው ላይ የተደፈነ የአንቴና ቀዳዳ ካያችሁ የሬዲዮ አንቴና ተሸክሞ በረሃ ለበረሃ የሮጠ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም። በሥርዓት የተያዘ የድርጅት መኪና ከተማ ውስጥ ዘይቱ ከተረሳው ሊሻል ይችላል። በጨረታ የወጣ ከሆነ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆመ ጠይቁ፤ ቆሞ የከረመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል።

በመጨረሻ ብረቱ ራሱ። በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ጭስ የኖዝል፣ የፖምፓ ወይም የአየር ማጣሪያ ነገር ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ካለ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። ሥሩ ገብታችሁ ሻንሲውን እዩ፦ ብየዳ፣ ስንጥቅ፣ ዝገት። ሥሩ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። ፎር ዊሉን አስገብታችሁ ንዱት፤ ከተማ የኖረ መኪና ላይ ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። 1ኤችዜድ ከሆነ ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በየ100,000 ኪሎሜትሩ ገደማ የሚቀየር ነገር ነው፤ ሲበጠስ ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል። ያ «የማይሞተው» ሞተር የሚሞተው እንዲህ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እውነት ነው፣ የላንድክሩዘር ስም ብዙ የሞቱ ላንድክሩዘሮችን አልፎ ኖሯል። ለዚያም ነው ስሙን ትታችሁ ፊት ለፊታችሁ የቆመውን መመርመር ያለባችሁ።

ጋራዥ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዘለልኩት ካለ ኮሜንት ላይ ሙሉበት። ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።