የተናጋሪው ገጽና የታዳሚው ገጽ

አንድ ባለሙያ ጥናቱን ለጉባኤ ሲያቀርብ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው ታዳሚው የሚያየው ሥዕል ሲሆን፣ ሁለተኛው ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። የማቅረቢያ ሶፍትዌር ታሪክም በአመዛኙ እነዚህን ሁለቱን በአንድ መሣሪያ አዘጋጅቶ በየራሳቸው ስክሪን ለማሳየት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ባቀረበው ትርኢት፣ በኮምፒዩተሩ የሠራው ሁሉ አይዶፎር በተባለው ፕሮጄክተር አማካይነት በትልቅ ሸራ ላይ ታይቷል። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ግን፣ ብዙኀኑ መሐንዲስ ጽሑፉን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ እያሰፈረ ማሳየቱን ቀጠለ።

ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ፎርሶት በተባለው ኩባንያ ያዘጋጁት ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲወጣ፣ ዋና ተግባሩ ይህንኑ ፕላስቲክ በጥቁርና ነጭ ማዘጋጀት ነበር፤ የተናጋሪውም ማስታወሻ በወረቀት ይታተም ነበር። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሦስተኛው እትም ሥዕሉን ከኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ፕሮጄክተር ለመላክ አስቻለ። ዊንዶውስ 98 በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተለያየ ሥዕል የሚያሳዩ በርካታ ስክሪኖችን መጠቀም ከፈቀደ በኋላ፣ ፓወርፖይንት 2002 የተባለው እትም ማስታወሻውን ለተናጋሪው ብቻ የሚያሳይ ገጽ ይዞ ቀረበ። በዚህም ሥዕሉ ለአዳራሹ፣ ማብራሪያው ለተናጋሪው ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ክፍፍል የሚጠቅመው ተናጋሪው በቦታው ቆሞ ሲያስረዳ ነው። ስላይዱ ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማብራሪያው ወደ ኋላ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 መሐንዲሶች በኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር ክንፍ ላይ ስለደረሰው ምት ያቀረቡት አንድ ስላይድ የሚያረጋጋ አርእስት ነበረው። ክንፉን የመታው የአረፋ ቁራጭ መጠን 1,920 ኩቢክ ኢንች ሆኖ ሲገመት፣ በሙከራ የታወቀው ግን 3 ኩቢክ ኢንች ብቻ መሆኑ በመጨረሻው መስመር ላይ ሰፍሮ ነበር። ልዩነቱ 640 እጥፍ ነው። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ከሰባት ተጓዦቿ ጋር ጠፋች። የአደጋው መርማሪ ቦርድም በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ ቴክኒካዊ ጽሑፍ በስላይድ መተካቱን ነቅፏል።

እንግዲህ ሁለተኛው ስክሪን ለንግግር የተሠራ ረዳት እንጂ ለውሳኔ የሚበቃ ሰነድ አይደለም። የመሐንዲስ ስሌትና ጥርጣሬ፣ ተናጋሪው ከአዳራሹ ከወጣ በኋላም እንዲነበብ፣ በተሟላ ዘገባ ሊሰፍር ይገባዋል።