ሳልባጅ፦ የተጣለ ወይስ የተረፈ?

«ሳልባጅ ነው እንዴ?» የምትለዋ ጥያቄ ስንቱን አሸማቅቃለች! ጂንሱ ልክ የተሰፋልን ይመስል ቢያምርብንም፣ ከቦንዳ መውጣቱ ከታወቀ አለቀልን። መንግሥት በወግ «ልባሽ ጨርቅ» ይለዋል። ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ በኮንትሮባንድ መግባቱን ግን አላቆመም።

እስኪ ቃሏን እንመርምራት። እንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ማዳን» ነው። መጀመሪያ የባሕር ሰዎች ቃል ነበረች፦ አደጋ ከደረሰበት መርከብ ጭነት ላዳነ ሰው የሚከፈል ዋጋ። ኋላ የዳነው ዕቃ ራሱ በዚያው ስም ተጠራ። የኢንሹራንስ ሰዎች ዛሬም ከአደጋ የተረፈን ንብረት እንዲህ ይሉታል። እኛ ጋ ስትደርስ ግን ማዳኑ ተረሳ፣ መጣሉ ብቻ ቀረ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንኳ «ሚቱምባ» ሲሉ «ጥቅሎች» ማለታቸው ነው፤ እንደኛው «ቦንዳ»። ስድብ የለበትም።

ለመሆኑ አንድን ዕቃ «የተጣለ» የሚያሰኘው ማነው? መልሱን ፒያሳ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ እናገኘዋለን።

አደባባዩ የሚታወቀው በሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ ነው። ዋናው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሙያተኞች ተሠርቶ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘውዱን፣ ብራናውን፣ ጽዋውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ጨረታ አወጣ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር።

ሴባስቶፖልስ? ለእንግሊዞቹ ይዘውት የማይሄዱት ብረት ነበር፤ ትተውት ሄዱ። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። እነሱ የተመኙት ለንደን ሄዶ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ገባ፤ የናቁት ደግሞ ለእኛ የአደባባይ ምልክት ሆነ!

ሳልባጅን እናወድስ አላልንም። ርካሹ ቦንዳ የሀገር ውስጥ ልብስ ሰፊውን ገበያ እንደሚሻማ እናውቃለን፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ይሁን። ለባሹን ማሸማቀቅ ግን ምን አመጣው? በየሰፈሩ እየዞረ «ቆራሌው!» የሚለው ልጅ ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል፦ እኛ የጣልነውን ቆርቆሮና ጠርሙስ ዋጋ አውጥቶለት ይወስደዋል። የቃሏን የመጀመሪያ ትርጉም በሥራ የሚተረጉምልን እሱ ነው።