ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት፦ የ«አሲድ»፣ የ«ኦክስጅን» እና የ«አኪዩት» ታሪክ

አንድ የጤና ባለሙያ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ቃር ለሚያስቸግረው ሕመምተኛ ስለ ጨጓራ አሲድ ያስረዳል፣ ትንፋሽ ላጠረው ኦክስጅን ያዝዛል፣ ወላዷ ብዙ ደም እንዳይፈሳት ኦክሲቶሲን ይወጋል፣ በካርድ ላይም «አኪዩት» የሚለውን ቃል ይጽፋል። እነዚህ አራት ቃላት በትርጉም የሚገናኙ አይመስሉም። ሆኖም የቋንቋ አጥኚዎች ወደ አንድ ጥንታዊ የኢንዶ-አውሮፓ ሥር ይመልሷቸዋል፤ የሥሩም ትርጉም «የሾለ»፣ «ስለታም» ማለት ነው።

በላቲን «አኩስ» መርፌ፣ «አኩተስ» የተሳለ፣ «አሲዱስ» ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ጥንታውያኑ ኮምጣጣውን ነገር ምላስን የሚወጋ አድርገው ተረድተውታል ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪም ሎሚ ጥርስን ያጠርሳል ሲል ኮምጣጣነትን ከጣዕም አልፎ በአካል በሚያደርሰው ስሜት ይገልጸዋል። እንግሊዝኛ ለዚህ ጣዕም «ሳወር» የሚል የራሱ ጀርመናዊ ቃል ነበረው። «አሲድ»ን ከላቲን የወሰደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ነባሩ ቃል ለማዕድ ቤት፣ መጤው ለቤተ ሙከራ ሆነ።

ኮምጣጤ በእንግሊዝኛ «ቪኒገር» የተባለው በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ኮምጣጣ ወይን» ከሚለው ጥምር ቃል ነው። የጥምሩ ሁለተኛ ክፍል ለብቻው «ኢገር» ሆኖ ዛሬ «ጉጉ» የሚል ትርጉም ይዟል። ሼክስፒር ግን በ«ሐምሌት» ተውኔቱ መርዝ ደምን እንዴት እንደሚያረጋ ሲገልጽ፣ በወተት ላይ ለሚንጠባጠበው ኮምጣጣ ፈሳሽ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። በላቲን ኮምጣጤ «አሴቱም» ይባላል። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ «አሴታቡለም» የተባለው ሮማውያን በማዕድ ላይ ኮምጣጤ ያቀርቡባት ከነበረችው ትንሽ ጽዋ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰርን ለመለየት የምንቀባው አሴቲክ አሲድም ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያሰኘው ያው አሲድ ነው።

ግሪክኛው ይበልጥ ያስደንቃል። «ኦክሲስ» የሚለው ቃል ሹል፣ ኮምጣጣ እና ፈጣን የሚሉትን ትርጉሞች በአንድነት ይዟል። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ጽሑፎች አንዱ በአጣዳፊ ሕመሞች ወቅት ስለሚሰጥ ምግብና መጠጥ የሚናገር ሲሆን፣ ሕመሞቹን የሚጠራቸው በዚሁ ቃል ነው። ከሚያዝዛቸው መጠጦች መካከልም ኮምጣጤና ማር ተቀላቅለው የሚዘጋጁበት «ኦክሲሜል» ይገኛል። በሽታውም መድኃኒቱም ከአንድ ቃል ስም አገኙ! ላቲን ጸሐፊዎች የሕመሙን ስም «አኩተስ» ብለው መለሱት፤ የእኛ «አኪዩት» ከዚያ መጣ። «ኦክሲቶሲን»ም «ፈጣን ወሊድ» ማለት እንጂ ስሙ ከኦክስጅን ጋር ጉዳይ የለውም።

የኦክስጅን ስም ታሪክ ደግሞ የተሳሳተ መላምት ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንትዋን ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ ድኝና ፎስፎረስ ሲቃጠሉ ከአየር አንዱን ክፍል እንደሚወስዱና ውጤታቸውም አሲድ እንደሚሰጥ ተመለከተ። ከዚህም ተነሥቶ የአሲድ ሁሉ ምንጭ ይህ ጋዝ ነው ብሎ ደመደመ፤ ከግሪክኛውም «አሲድ ወላጅ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አወጣለት። እርሱና ሦስት ባልደረቦቹ በ1787 ባሳተሙት የኬሚካል ስያሜ መጽሐፍ ስሙ ጸና። ጀርመኖችም ተርጉመው «ዛውርሽቶፍ»፣ ማለትም «ኮምጣጣ ቁስ» አሉት።

ከጨው የሚገኘው አሲድ ግን ለመላምቱ አልታዘዘም። ላቩዋዚዬ በውስጡ ገና ያልተደረሰበት ኦክስጅን አለ ብሎ አመነ፤ በ1794 በጊሎቲን አንገቱ ሲቆረጥም ጥያቄው አልተፈታም ነበር። በ1810 እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ አሲዱ ከሃይድሮጅንና ከክሎሪን ብቻ የተሠራ መሆኑን አስረዳ። በ1823 ደግሞ ሐኪሙ ዊልያም ፕራውት በእንስሳት ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ይኸው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን አረጋገጠ። የኦክስጅንን ስም የሚያስተባብለው ምስክር፣ እንግዲህ፣ በየሰዉ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። በ1838 ጀርመናዊው ሊቢሽ የአሲድነት ቁልፉ በብረት የሚተካው ሃይድሮጅን መሆኑን ሲያስረዳ፣ «አሲድ ወላጅ» የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለማን እንደነበር ታወቀ። ሆኖም ሃይድሮጅን ቀደም ብሎ «ውሃ ወላጅ» ተብሏል፤ ስሞቹን የሚያለዋውጥም አልተገኘም። ዛሬ የደምን አሲድነት የምንለካበት ፒኤች፣ ሶረንሰን በ1909 ኮፐንሀገን ውስጥ ያወጣው፣ የሚለካው የሃይድሮጅንን አዮን ነው።

ወደ «አኪዩት» እንመለስ። ቃሉ የሕመሙን ክብደት ሳይሆን አጀማመሩንና ፍጥነቱን ይገልጻል፤ ጉንፋንም አኪዩት ነው። «አጣዳፊ» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች፣ «አተት» በሚለው ምሕጻር ውስጥ እንደምናየው፣ የግሪክኛውን የፍጥነት ትርጉም በሚገባ አግኝተውታል። ስለ ተቃራኒው ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። «ክሮኒክ» ጊዜን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ እኛ «ሥር የሰደደ» እንለዋለን። የደም ግፊቱ ገና ትናንት የታወቀለት ሰው ይህን ሲሰማ ሕመሙ ከመነቀል ያለፈ ሊመስለውና ክኒኑን ሊተው ይችላል። «የረጅም ጊዜ ሕመም» ብንለው ለቃሉ ምንጭም ለሕመምተኛውም የቀረበ ይሆናል።